የአባዬ ማብሪያ

ጥቅምት 6

ከሥራ ስወጣ አመሻሽ ሆኗል። ከፈረስ መጋላ ወደ ሰፈራችን የሚወርደውን ቀጭን መንገድ ይዤ… ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣው ግንብ አሁንም ይሞቃል። በእጄ እየዳሰስኩት ነው የምወርደው። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? የፈለገውን ይበል።

ጥጉን ስዞር የደጃችን መብራት በርቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባዬ ያበራዋል። ዓይኑን ግላኮማ ከያዘው ሦስት ዓመቱ፤ አሁን የሚለየው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው። ግድግዳውን ዳስሶ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ያደርጋል። ከቤቱ ሥራ ለእሱ የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። መብራቷን ሳይ ደህና መዋሉን አውቃለሁ።

ጥቅምት 9

አባዬን ነዘረው! ማብሪያው ክዳኑ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል፤ ሲጫኑትም ጠስ ጠስ ይላል። ዛሬ ነገ ስል… ጥፋቱ የኔ ነው። ጣቱን ደብቆኝ ነበር።

"ቆንጠጥ ነው ያደረገኝ" አለ። ቆንጠጥ!

በፕላስተር አሸግኩት። ሁለተኛ እንዳትነካው አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 10

ጥጉን ስዞር ጨለማ። እኔው ራሴ አሽጌው፣ ልቤ ግን ድንግጥ አለ።

ጥቅምት 13

እራቱን ግማሹን ተወው። ከዚያ ድንገት… "ሶፊ ገጠር፣ እህቴ የሺ ጋ ብሄድ ይሻላል። እዚህ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?"

"እዚያስ ምን ትሠራለህ?"

"ፍየል እጠብቃለሁ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። የምሩን ነው። እሱ ከሄደ ይሄ ቤት ምኔ ነው?

ጥቅምት 14

ሕልም አየሁ። አባዬ የጁገልን ግንብ ተከትሎ ሽቦ እየዘረጋ ከፊቴ ይሄዳል፤ እኔ ጥቅልሉን ይዤ ከኋላ። ትንሽ ልጅ ነኝ። ግንቡ አያልቅም። "አትልቀቂው" ይለኛል ሳይዞር። አልለቀቅኩትም። ስነቃ ብርድ ልብሱን ጨብጬ ነበር።

ጥቅምት 16

የጠራሁት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነገ፣ ነገ እያለ ሳምንት ሊሞላው ነው። ራሴ እቀይረዋለሁ! ከጊደር መጋላ ገበያ አዲስ ማብሪያ ገዛሁ። ካቻቢቴና ቴስተር ጎረቤታችን ሀቢባ አዋሰችኝ።

"አቦ፣ ምን ያስፈራሻል? ባሌ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ወላሂ ሁለት ሽቦ ነው!" አለችኝ።

ሁለት ሽቦ። እሺ።

ጥቅምት 18

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። ደስ አለኝ። መብራት ከሌለ ምን ይነዝራል? ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ ያረጀ ሽቦ… እኔ ሳልወለድ አባዬ ራሱ የዘረጋው።

"ቆጣሪው ጋ አጥፍተሻል?" አለ ከወንበሩ።

"መብራት የለም እኮ፣ አባዬ።"

"አጥፍተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።"

"ሄዷል አልኩህ እኮ!"

"የሄደ ይመጣል። እጅሽን አንሺ!"

እንዲህ ሲቆጣኝ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። እጄን አነሳሁ። ግድግዳውን እየዳሰሰ ቆጣሪው ጋ ሄደና ብሬከሩን ቀጭ አደረገው። እዚያው ቆመ፣ መዳፉን ከላዩ ሳያነሳ።

"በቴስተሩ ሞክሪው… አልበራም? አሁን ሥሪ። የቱ ሽቦ የት እንደነበር ልብ በይ። ብሎኑን አጥብቂ፤ ራቁቱን የቀረ ሽቦ እንዳይኖር።"

ሁለተኛውን ሽቦ ይዤ ሳስገባ ከውጭ የሰፈሩ ልጆች "መጣ! መጣ!" ብለው ጮኹ። የሀቢባ ቴሌቪዥን አንባረቀ።

ባዶው ሽቦ በጣቶቼ መሃል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በርቶ የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ።

ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። አባዬ ብሬከሩን መለሰው።

"አንተ አብራው" አልኩት።

ዳሰሰው። "ይሄኛው ለስለስ ይላል" አለ። ቀጭ። በራ። ድምፄን ሳላሰማ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር።

"ምን ያስነፋርቅሻል?"

እጠብቀዋለሁ ስል… ለካ ጠባቂዬ እሱ ነው።

ጥቅምት 20

በርቷል። ሶፊ የመሄዱ ወሬ ቀርቷል። እራቱንም ጨረሰ።

ኅዳር 24

መብራት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የለም። ጥጉን ስዞር ደጃችን አይታይም። ግንቡን እየዳሰስኩ ደረስኩ። ሞቃት ነው፣ እንደ ወትሮው።

"መጣሽ ሰጊ? ዘገየሽ" አለ አባዬ ከጨለማው ውስጥ። "መብራቱን አየሽው?"

የቱን መብራት? በእጄ ግድግዳውን ፈለግኩ… ማብሪያው ተጭኗል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብርቶታል። አለመብራቱን አላወቀም። ያቺ በዓይኑ የቀረችውም ብርሃን ሄዳለች ማለት ነው። መቼ? ለምን አልነገረኝም?

"አየሁት፣ አባዬ። ገና ከጥጉ ነው ያየሁት።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየ፣ ልጆቹ ከውጭ "መጣ! መጣ!" አሉ። መብራቱ ፊቱ ላይ አረፈ። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ጆሮው ግን ሰምቷል።

"ዋሾ" አለኝ። እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

"ነገም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አበራዋለሁ።"

"አብራው፣ አባዬ" አልኩት።