የአባባ መቃብር ሳይነሳ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

የቡሳን ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ባለቤትህና ሴቶች ልጆችህስ ደህና ናቸው? እማዬ ከጉልበቷ በቀር ጤነኛ ናት። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ሰሞኑን ውስጤ እያረረ ነው። በስልክ ላወራህ ብል ስለምጮህብህ መጻፍ መረጥኩ።

ኮረብታውን ለአቶ ታክ ስንሸጥ ውሉ ላይ ያስገባነውን ቃል አትረሳውም። ዝናቡ ሳይገባ ገዢው የአባባንና የአያታችንን መቃብር ቀን አስመርጦ፣ እኛ በተገኘንበት፣ በወጉ ወደ አዲሱ ቦታ ያዛውራል። እስከዚያ መሬቱን አይነካም። ይህን ካላደረገ ውሉ ይፈርሳል። እማዬ እሺ ያለችው ለዚህች ቃል ስትል ብቻ ነው።

ዝናቡ ገባ፤ መቃብሩ እንዳለ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እማዬ ቃሪያ ስትለቅም የሞተር ድምፅ ሰምታ ብትወጣ፣ ኤክስካቫተር ጥዶቹን ገንድሶ ከአባባ መቃብር ጉብታ ግርጌ ደርሷል። እኔ ከእርሻው ሮጬ ስደርስ እዚያ ብረት ፊት ሣሩ ላይ ቁጭ ብላለች። ሹፌሩ፣ “እማማ፣ ይነሱልኝ እንጂ፤ እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው” ይላታል። እሷ ደግሞ፣ “ልጄ፣ ባሌ በሕይወት እያለም ጠዋት ሲቀሰቅሱት አይወድም ነበር። ይልቅ ሞተርህን አጥፋና ቁርስህን ብላ” አለችው። ሰውየው አፍሮ አጠፋው።

ከመንደሩ ሹም ከጋሽ ቦንግ ጋር ከተማ ወርደን አቶ ታክ ቢሮ ገባን። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። “ለአንድ ቁና አፈር ይሄ ሁሉ ግርግር? ደግሞ ቤተሰቡ ቀኑን ለማራዘም ተስማምቷል” አለን። ማን ነው የተስማማው ብዬ ብጠይቀው ስልኩን መነካካት ጀመረ። ጋሽ ቦንግ፣ “አንተ፣ የራስህ አባት ቢሆን በብረት አካፋ ትዝቀው ነበር?” አሉት። ውሉ መፍረሱን በጽሑፍ ሰጠነው። ቀብዱንም መጥቶ እንዲወስድ ነግረነው ወጣን።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን እማዬ ኋላ የነገረችኝ ነው። አቶ ታክ ለካ ቀደም ብሎ እኔ በሌለሁበት የማራዘሚያ ወረቀት ይዞ ቤት መጥቶ ኖሯል። የምፈርምበት ማኅተሜ የት እንዳለ እንጃ ብትለው፣ “ኧረ እማማ፣ ጓሮ ካለችው ትንሿ የድልህ እንስራ ውስጥ አይደል?” አላት። አባባ የተቀበረ ዕለት ማኅተሙን እዚያ ስንደብቀው እኔና አንተ ብቻችንን ነበርን። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። በምን አወቀ ብዬም አልጠይቅህም።

እማዬ፣ “ክዳኑ ለእኔ ከብዶኛል፤ ልጄ መጥቶ ይክፈተው” አለችውና የገብስ ሻይ አጠጥታ ሸኘችው።

ከዚያ ወዲህ ስምህን አላነሳችም። ትናንት ግን ማጭድ ስትስል አገኘኋት። የመቃብሩን ሣር ዘንድሮ እኔ ልጨደው ብላት፣ “የአባቱን ሣር የሚያጭደው የበኩር ልጅ ነው። ለቹሶክ በዓል ይመጣል” አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። እኔ ነኝ የተቆጣሁት።

የአባባ መንፈስ ይጠብቅህ፤ መንገዱን ያቅናልህ። ስትመጣ ያለ አቶ ታክ፣ ብቻህን ና።

ታናሽ እህትህ