ስለ ዘጠነኛው ጥያቄ ለወረዳችን ትምህርት ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። ክረምቱ ቢበረታም የቢሮዎ ጣሪያ እንደ ትምህርት ቤታችን ስለማያፈስ ስለ እሱ አልጨነቅም። በአፋን ኦሮሞ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ መልስ አላገኘሁም። ምናልባት ችግሩ ቋንቋው ይሆናል ብዬ ይህን ሦስተኛውን በአማርኛ ጽፌ፣ እግረ መንገዴንም ሰው ሁሉ እንዲያነበው በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እኔ ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ መኪና መቆሚያው ፊት ለፊት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሚከተሉት ምስጋናዎች ቢዘገዩም ከልብ ናቸው።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ሥልጠናው ነው። በኅዳር ወር ጽሕፈት ቤትዎ መምህራንን ሰብስቦ፣ ተማሪዎች በምክንያት እንዲያስቡ ማድረግ ስለሚቻልበት መንገድ ለሦስት ቀን አሠልጥኗል። ሠልጣኙ ሁሉ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀብሎ፣ ምሳውን በልቶና አጨብጭቦ ወደየመጣበት ሲመለስ፣ አንዲት መምህርት ብቻ የተባለውን አመነች። ጥፋቷም ይኸው ነው።

መምህርት አቢጊያ ትባላለች፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጄ የዱሬቲ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከሥልጠናው ከተመለሰች ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ልጆቹን እያስቀረች አንድ ነገር ታለማምዳቸው ጀመር፤ «በምን አወቅህ?» ብሎ መጠየቅን። ነገሩ ቤቴ ድረስ ገባ። አንድ ቀን ለደንበኛዬ፣ ይህ ጨርቅ ቢታጠብ አይገባም፣ አይሰበሰብም እያልኩ ስምል፣ ዱሬቲ ከጎኔ ሆና «አባዬ፣ በምን አወቅህ?» አለችኝ። በሰው ፊት ስለተዋረድኩ ላባርራት ቃጥቶኝ ነበር። እሷ ግን ቁራጩን አንስታ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ደርቆ ስንለካው ሁለት ጣት ገብቷል። ደንበኛዬ ሳቀ፣ እኔም ሌላ ጨርቅ ቆርጬ ሰፋሁለት። ክቡር ሆይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት የስፌት ሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በመጋቢት ወር ስለ ተደረገው የአስተሳሰብ ውድድር ነው። ወላጆችንም በአክብሮት ስለጋበዛችሁን ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሱፐርቫይዘራችሁ ኦቦ ጋሮማ ጥያቄዎቹን እያነበቡ የተማሪዎቹን መልስ ይዘውት ከመጡት የመልስ ቁልፍ ጋር ያስተያዩ ነበር። ልጄ እስከ ስምንተኛው ጥያቄ አንድም አልሳተችም። ዘጠነኛው ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ሁሉም መምህራን መጽሐፍ ያነባሉ፤ ኦቦ ተሻለ መጽሐፍ ያነባሉ፤ ስለዚህ ኦቦ ተሻለ መምህር ናቸው። እውነት ወይስ ሐሰት?

ዱሬቲ «ሐሰት» አለች።

«ተሳስተሻል» አሏት ኦቦ ጋሮማ።

ቁጭ ብላ ቢሆን ኖሮ እኔም ዛሬ ሱሪዬን እሰፋ ነበር። እሷ ግን ከልቧ ማወቅ ስለፈለገች፣ «በምን አወቁ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ጋሮማ አልሳቁም። «ቁልፉ እውነት ይላል» አሏት።

«ቁልፉስ በምን አወቀ? አባቴ መጽሐፍ ያነባል፤ ግን ልብስ ሰፊ ነው።»

ይህን ጊዜ መምህርት አቢጊያ ተነስታ በሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡም አንድ ትንሽ ክብ ሳለች። ትልቁ የሚያነቡ ሰዎች፣ ትንሹ መምህራን ናቸው ብላ አስረዳች። «ኦቦ ተሻለ ከትልቁ ውስጥ ናቸው፤ ከትንሹ ውስጥ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረንም» አለች። ኦቦ ጋሮማ ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩት። በእውነት እመሰክርላቸዋለሁ፣ ገብቷቸዋል፤ ከፊታቸው አንብቤዋለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህርት፣ ቁልፉ እኮ ከበላይ ነው የመጣው» አሏትና ወደ አሥረኛው ጥያቄ አለፉ። ዱሬቲ በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ግምገማው ነው። በሳምንቱ መምህርት አቢጊያ የበላይ አካልን በተማሪና በወላጅ ፊት አዋርዳለች ተብላ ተገመገመች። በስብሰባው የነበረ አንድ መምህር ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ እንደ ነገረኝ፣ ሰብሳቢው እንዲህ ሲሉ ደምድመዋል፦ ሥራ የሚያውኩ ሰዎች ሁሉ ጥያቄ ያበዛሉ፤ መምህርቷ ጥያቄ ታበዛለች፤ ስለዚህ መምህርቷ ሥራ አዋኪ ናት። ዘጠነኛው ጥያቄ ማለት ነው፤ ኮት ለብሶ መጣ እንጂ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት የሠለጠኑ መምህራን ነበሩ። አንድም እጅ አልወጣም።

ከደንዲ ሐይቅ ማዶ፣ ከአስፋልቱ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወራችኋት። ልትሄድ ስትል ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። እየሰፋሁላት ሳለ፣ «ኦቦ አመዩ፣ ልጆቹን ጎድቻቸው ይሆን?» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ቀጥሎ እገልጻለሁ።

አራተኛው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ነው። መምህርቷ በተገመገመች ማግስት ትምህርት ቤቱ ጠርቶኝ፣ ልጄ የይቅርታ ደብዳቤ ካልፈረመች ለክልሉ ፈተና እንደማትቀመጥ ነገረኝ። ደብዳቤው ተጽፎ ተዘጋጅቷል። መምህርት አቢጊያ በተሳሳተ መንገድ እንደ መራቻትም ይናዘዛል። ዱሬቲ አንብባው ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም።»

«ታዲያስ?»

«ፈርሚ።»

«በምን…» ብላ ጀመረች።

«ፈርሚ አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ልጄ ፈረመች፣ እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። እርስዎ ልጄን አይተዋት አያውቁም፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሯትም። የጀመራችሁትን ሥራ የጨረስኩላችሁ እኔ ነኝ። የክር ጫፍ ሲቀር ቆርጦ መጣል ልማዴ ነውና።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ውጤቱ ነው። ሰኔ ላይ ዱሬቲ ተፈትና ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳት።

«እንዴት ነበር?»

«ቀላል ነው።»

«እንደዚያች እንደ ዘጠነኛዋ ዓይነት ጥያቄ ነበረበት?»

«ነበረ።»

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«የሚፈልጉትን» አለችኝና ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች።

የሚፈልጉትን በትክክል አውቃዋለች፤ ከወረዳው ከፍተኛውን ውጤት ካመጡት ሦስት ልጆች አንዷ ሆነች። በእርስዎ ፊርማ የተሰጣት የምስክር ወረቀትም ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። መስታወት አስገብቼ ልሰቅለው ስል «ተወው አባዬ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ባለፈው ሳምንት እንደገና፣ ይህ ጨርቅ አይገባም ብዬ ለደንበኛ ስምል ከጎኔ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ጨርቁ እንደሚገባ እኔም እሷም እናውቃለን። እንድትናገረኝ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። መርፌዋን አላቆመችም።

መምህርት አቢጊያን በዚህ ወር ለገበያ ወጥታ አገኘኋት። ስለ ሐሙሱ ትምህርት ጠየቅኳት። «ሐሙስ በጊዜ እገባለሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው» አለችኝ። ክረምት ስለሆነ ነው ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። ትምህርት ከተዘጋ ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ትምህርት ሳለ ደግሞ ጭቃው ገና አልመጣም ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ መምህርቷ እንድትመለስ አልጠይቅም፤ ብትመለስም ያችኑ አቢጊያን እንደማናገኝ አውቃለሁ። ቁልፉ እንዲታረምም አልጠይቅም። ለመጪው ዓመት ሌላ ሥልጠና እንዳቀዳችሁ ሰምቻለሁና፣ ለሠልጣኞች የሚታደል ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ከፈለጋችሁ ለማገልገል ዝግጁ መሆኔን ብቻ አስታውቃለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእርስዎም ማንም የማያውከው ጥሩ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ዝቅ ብሎ አክባሪዎ፣
አመዩ ዓብዲሳ፣ ልብስ ሰፊ
ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ስሕተት ካለበት እንድታርመው ለዱሬቲ ሰጥቻት ነበር። ሁለቴ አነበበችውና ስሜን ከደብዳቤው ላይ እንዳጠፋ መከረችኝ። ምክንያት ስጪኝ ስላት፣ የንግድ ፈቃዴ የሚታደሰው በመስከረም እንደሆነ፣ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ የምሰፋው እኔ እንደሆንኩ፣ እሷም ገና አራት ዓመት ትምህርት እንደሚቀራት አንድ በአንድ ቆጥራ አስረዳችኝ። ከመጋቢት ወዲህ ከአፏ ምክንያት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አገላብጬ አየሁት፤ አንድም እንከን የለበትም። እንዲህ አድርጋችሁ ስላስተማራችሁልኝ በድጋሚ አመሰግናለሁ።