«ወንድም» ብዬ የሞላሁት ፎርም

ሰኞ፣ ሰኔ 9፣ ጠዋት
አውቶቡስ ላይ ነኝ። ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ወደ ዳውንታውን። ፎልደሩን ለሦስተኛ ጊዜ ቼክ አደረግሁ፦ ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ ከኮፐንሃገን የመጣው የማስተርስ መቀበያ ደብዳቤ፣ ዴንማርክ ያለው ሙሌ የላከልኝ የልደት ወረቀቱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ፎርሙ። የዴንማርክ ኤምባሲ ያለው ዋሽንግተን ነው፤ እዚህ ሚኔሶታ ግን ወረቀት የሚያይልኝ ትንሽ የቆንስላ ቢሮ አለ። ተመስገን! አንተ ደብተር፣ መስከረም ላይ ብስክሌት እየነዳሁ ክፍል ስገባ አስበኝ።

ከሰዓት
አልሆነም።
የቆንስላ ቢሮዋ ሴትዮ ደግ ናት፤ ችግሩ የኔ ነው። «ዴንማርክ ማን ጋ ነው የምትኖሪው» ለሚለው «ወንድሜ ጋ» ብዬ ሞላሁ። የሙሌን የልደት ወረቀት አየች። አባቱ ሌላ፣ እናቱም ሌላ። «ኢንተረስቲንግ» አለች። ሚኔሶታ ውስጥ ኢንተረስቲንግ ከተባልክ አለቀልህ።
የአክስቴ ልጅ ነው፣ ግን ወንድሜ ነው አልኳት። ታዲያ ከዝንሽ ነዋ አለች። ከዝን! አክስቴ ስትሞት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። እማዬ ናት ያሳደገችው። አንድ አልጋ ላይ፣ እሱ ራስጌ እኔ ግርጌ ነው ያደግነው። ይሄ ሁሉ ከዝን?
እንዲሁ ካስገባሁት የሐሰት መረጃ ይባላል። የእርማት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እማዬ የፈረመችበት፣ እስከ ማክሰኞ ሳምንት። ካለፈ የመስከረሙ ትምህርት አይደርስም። «ወንድም» የሚለው ቃልም የትም ቦታ እንዳይኖር አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
እማዬ ክሪስታል ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። መጠበቅ ነበረብኝ።
«ወንድሟ አይደለም ብዬ ልፈርምልሽ?»
ፎርም ነው እኮ እማ።
«ያኔም ፎርም ነው ነበር ያሉኝ።»
ወደ አሜሪካ ስንመጣ ልጄ ነው የምትልበት ወረቀት ስላልነበራት ሙሌ አዲስ አበባ ቀረ። 13 ዓመቱ ነበር። ዴንማርክ የገባው በራሱ መንገድ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።
ራቷን ሳትበላ ክፍሏ ገባች። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12
ሙሌ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ።
«አስፈርሚያት ባክሽ! እኔ ድሮም እኅቴ ነሽ ብዬሽ አላውቅም፣ ጠላቴ ነሽ ነው ያልኩሽ።»
ሳቅሁ። ከዚያ እማ ምን አለች አለኝ።
ምንም አላለችም አልኩት። ዋሸሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
እማዬ አታናግረኝም። እንጀራውን ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። አራት ዓመት የተማርኩት ኤደን ፕሬሪ ዌርሀውስ ውስጥ ካርቶን ስካን ላደርግ ነው? እኔም ዘጋኋት።

እሑድ፣ ሰኔ 15፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ
ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። «ጻፊ» አለች። በአማርኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር አስጻፈችኝ፦
የወለደችው እኅቴ ናት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለልጄ ወንድሟ ነው።
ሦስተኛው ይቅር እማ አልኳት። ካለሱ አልፈርምም አለች።
ላፕቶፔ ላይ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሁለቱን ብቻ። ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋት። እማዬ ከበሽተኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ ትግባባለች፤ የመ/ቤት ደብዳቤ ማንበብ ግን ይከብዳታል፣ ድሮም እኔን አምና ነው የምትፈርመው።
እስክሪብቶውን ያዘች። ወንድሟ ነው የሚለው የቱ ጋ ነው አለችኝ።
ጣቴን የመጨረሻው መስመር ላይ አደረግሁ።
ፈረመች።
ማክሰኞ በጠዋት አስገባዋለሁ።