ከዋንዛው ሥር ስለተቀበረው ቴሌቪዥን ለእድራችን ሊቀመንበር

መርሳ፣ መጋቢት 2014 ዓ.ም.
በእድሩ አዳራሽና በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ፤ ማንበብ የሚችል ለማይችል ያንብብለት።

ለተከበሩ ጋሽ አንዳርጋቸው፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ የሽማግሌዎች ሁሉ ሽማግሌ፣

ጤናዎ እንደ እድሩ ድንኳን የጠና፣ ድምፅዎ እንደ እድሩ ጡሩምባ የጠራ ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? የማስታወስ ችሎታዎስ? ስለ መጨረሻው የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገባዎታል። እኛ ልጆችዎ ጦርነቱ ካለፈብን ወዲህ፣ መብራቱ ተመልሶልን፣ ኔትወርኩም እንደ እንግዳ እየመጣ እየሄደ፣ እርስዎን ስላቆየልን ፈጣሪን እያመሰገንን እንገኛለን።

እኔ የባለ ወፍጮው የአቶ ካሳዬ ልጅ መቅደላ ነኝ፤ ባለፈው ስብሰባ እጄን ባወጣ «ልጅ በሽማግሌ መሃል ምን ይላል» ብለው ያስቀመጡኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። እንዳልናገር ከልክለው እንዳልጽፍ ግን ስላልከለከሉኝ ለሰፊው ቸርነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። እትዬ ረሂማ በእድራችን አዳራሽ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊልም እያሳዩ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሺህ ዓመት በፊት በመርከብ እየዞሩ የሰው አገር ስላስጨነቁት ቫይኪንጎች የሚተርከውን ተከታታይ ድራማ እናያለን፤ የእትዬ ረሂማ የበኩር ልጅ አማን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። በአማን አፍ የቫይኪንጎቹ አለቃ እንኳ ባላገሩን የሚዘርፈው «አፈር ስሆን በሞቴ» እያለ ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ቴሌቪዥኑን ዘራፊ እንዳያገኘው ከእድሩ ዕቃ ጋር ቀበርነው። የእድሩ ዕቃ ወጥቷል። ቴሌቪዥኑ ግን በእርስዎ ትእዛዝ እስከ ዛሬ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር ተኝቷል፤ የበልጉም ዝናብ ጀምሯል። ቅሬታዬን በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ በስብሰባው ላይ «ለዚህ አገር ዝርፊያን ያስተማረ ይኼ ፊልም ነው» ብለው ሲናገሩ ለጥናትዎ ጥልቀት ባርኔጣዬን ለማንሳት ፈልጌ ባርኔጣ ስለሌለኝ ቀርቻለሁ። ቤታችንን ከበረበሩት ሰዎች መካከል በእትዬ ረሂማ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያየሁት የለም። ቫይኪንጎቹም ቢሆኑ ያለ ልካቸው አይወቀሱ፤ በመርከባቸው ወርቅና በግ ጭነው ሲሄዱ አይተናል እንጂ የጤና ጣቢያ አልጋና የትምህርት ቤት በር ነቅለው ሲወስዱ አላየንም። እንደ ወዳጅ እውነቱን ልመስክር ካልሁ ድራማው እንከን የለውም አልልም። እዚያ ጦርነት ሊጀመር ሲል ከበሮ ይመታል፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የጠፋው ኔትወርክ ነው። እዚያ ጀግናው ከውጊያ ሲወጣ ጸጉሩ እንኳ አይበተንም፤ አማን ግን በሐራ መንገድ ላይ ፍንጣሪ እግሩን መትቶት በሰው ትከሻ ሲመጣ እናቱ ፊቱን አይተው አልለዩትም። ዛሬ ሸክም አይችል፣ ሩቅ አይሄድ። የቀረው ድምፁ ነው፤ ድምፁ እንጀራ የሚሆነው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሲቆም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ በድራማው አለቃው ሲሞት ጋሻውን፣ ድስቱንና ወንበሩን አብረው ቀበሩለት። ጠላት መጥቶ ቤቱን ሁሉ ሲበረብር መቃብሩን ፈርቶ አለፈ። ይህን ያየን እኔና አማን፣ የእድሩ ዕቃ የት ይደበቅ ተብሎ ሽማግሌው ሁሉ ጢሙን ሲያሻሽ «እንቅበረው፤ እድር መቅበር አያቅተውም» ብንል «ዝም በሉ፣ የፊልም ወሬ» አሉን። በማግሥቱ ያው ሐሳብ በእርስዎ አፍ ሲመጣ የአባቶች ጥበብ ሆነ። በአፍዎ አልፎ ስለከበረልን ከልብ እናመሰግናለን።

ቀብሩስ ቢሆን እንዴት ያለ ቀብር ነበር። እድራችን ቀብር በግማሽ ማድረግ አያውቅበትም። ጡሩምባ ተነፋ፤ የቀረ ይቀጣል ስለተባለ ሰፈሩ አንድ ሳይቀር ወጣ። ጎላው፣ ድስቱና ቴሌቪዥኑ በድንኳኑ ሸራ ተጠቅልለው ጉድጓድ ገቡ። መስቀል ይተከልበት ወይስ የእስላም መቃብር ይምሰል የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ጎላው የተዝካርም የሰደቃም ወጥ ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ ባዶ ድንጋይ ይበቃዋል ተባለ። እትዬ ሸዋዬ፣ የሰፈራችን አልቃሽ፣ ቀብሩ ከልብ እንዲመስል ብለው ሙሾ አወጡ፦

ከፊትህ ቁጭ ብለን ዓለምን ስናይ፣
ዛሬ አንተ አፈር ገባህ፣ ምን ቀረን ሊታይ።

ይህን ጊዜ ከሲሪንቃ በኩል ሸሽተው በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች የሞተው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ቆመው አለቀሱ፤ ከስንቃቸውም ቆርሰው እዝን ብለው ሰጡን። ለቴሌቪዥን እያለቀስን መሆናችንን የነገራቸው የለም። ያን ቀን የሳቀም የለም፤ ሁሉም የሚያለቅስለት ነገር ነበረውና። እርስዎም ሟቹ «ለተቸገረ ደራሽ፣ ድግስ አድማቂ» እንደነበር ሲናገሩ እንባዎ ጢምዎን አርሶት ነበር። ይህን እንዲያስታውሱልኝ ነው የማስታወስ ችሎታዎን ጤና የጠየቅሁት።

ሦስተኛ፤ ሰላም ሲሆን መቃብሩ ተከፈተ። ጎላው ወጣ፤ ድስቱ ወጣ። ሸራውን ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈው አወጡት፤ እትዬ ረሂማ ስንቅ ሊያቀብሉ አማን ወደተኛበት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሄደው ስለነበር የሚከራከር አልተገኘም። የሟችን ከፈን መግፈፍ ቫይኪንጎቹ እንኳ ሲያደርጉት አላየሁም። ቴሌቪዥኑ አሁን ከሸራው ሥር የነበረውን አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ለብሶ አፈር ውስጥ አለ። እትዬ ረሂማ ተመልሰው ቢለምኑዎ «የተቀበረ አይወጣም፤ ለልጆቹም ትምህርት ይሁን» ብለው መለሱላቸው። ከአንድ ጉድጓድ ጎላ ሲወጣ ትንሣኤ፣ ቴሌቪዥን ሲወጣ ኃጢአት የሚሆንበትን ምሥጢር ቄሱንም ሼሁንም ጠይቄ ሁለቱም ፈገግ ብለው አልፈውኛል።

አራተኛ፤ ወንዶች ልጆች ከፊልሙ ተምረው ሹሩባ ተሠሩ ብለዋል። በሳሎንዎ ግድግዳ ላይ በፎቶ የተሰቀሉት ጎበዝ አያትዎ ሹሩባቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ እርሳቸው ፊልሙን የት እንዳዩት ይጠየቁልን።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ላላድክም። የፊታችን እሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ከዋንዛው ሥር እንቆፍራለን። ጡሩምባውን የሚነፉት አባቴ ናቸው። የእድሩ ደንብ «በጡሩምባ ተጠርቶ ከመቃብር የቀረ አባል ይቀጣል» ይላል እንጂ ለመቅበር ይሁን ለማውጣት አይለይም። ደንቡን ያረቀቁት እርስዎ ነዎት፤ አርቆ አሳቢነትዎን እግዜር ይስጠው። ዝናቡ ቀድሞን ቴሌቪዥኑ ሞቶ ከተገኘ ደግሞ ዳግመኛ እንቀብረዋለን፤ ያን ጊዜ ለቅሶው የእውነት ስለሚሆን ለእትዬ ረሂማ ምን ብለው እንደሚያጽናኑ ከወዲሁ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በፊትዎ ቆማ መናገር ያልተፈቀደላት፣ ጫማዎን ስማ ምርቃትዎን የምትጠባበቅ፣ ምርቃቱ ቢቀር በአካፋም የማትቀየም፣

ታዛዥ ልጅዎ
መቅደላ ካሳዬ

ይድረስ ለብቻዎ፣ ሌላው ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቁም፦ ባለፈው ሰሞን ወፍጮ ቤታችን መጥተው አባቴን ወደ ጥግ ስበው «ለመሆኑ በፊልሙ ያቺ ባለ ነጭ ጸጉሯ መበለት መሬቷን አስመለሰች ወይ» ብለው ሲጠይቁ፣ መብራት ድንገት ጠፍቶ ወፍጮው ዝም ብሎ ስለነበር ተራ ጠባቂው ሁሉ ሰምቶዎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ «ልጆቹን ልቆጣጠር» እያሉ ከኋላው አግዳሚ ላይ ጋቢ ተከናንበው የሚቀመጡት ለዚሁ ኖሯል። መልሱ ያለው በመጨረሻው ክፍል ነው። የመጨረሻው ክፍል ያለው ፍላሹ ላይ ነው። ፍላሹም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንደተሰካ አብሮ ተቀብሯል። አካፋዎን ይዘው ይምጡ።