ግራውን እኔ ይዤ እመጣለሁ

ሰኔ 8 ቀን 2013

ዛሬም ድንጋይ መታኝ። በትክክል ለመጻፍ ያህል፣ ድንጋዩ የመታው ፔዳሉን ነው፤ እኔን የመታኝ መሬቱ ነው። ከሐይቁ ዳር በምትወጣው ቀጭን መንገድ ሳይክሉ ጋደል ሲል ወፍራሙ ፔዳል ድንጋይ ይይዛል። ከዚያ እኔ…

የወረዳው ሞተር ነዳጅ የለውም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ፣ ማለትም እኔ፣ ትምህርት ቤቶችን የሚጎበኘው በገዛ ማውንቴን ሳይክሉ ነው። የዛሬው ሪፖርት፦ ክፍሉ ጣሪያ አለው። ሰሌዳ አለው። መምህሩ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።

በሐይቅ ከተማችን መናኸሪያ አጠገብ ሳይክል የሚጠግነው ሀሚዱ የተላጠ ጉልበቴን አየና፣ «መምህር፣ ላንተ የሚያስፈልግህ አህያ ነው» አለኝ። «አህያ አይታ ትረግጣለች።»

ቤት ገብቼ ስለ ፔዳል አነበብኩ። ስስ ጠፍጣፋ የሚባል አለ። ከድንጋይ ይርቃል፤ ጫማ የሚይዙ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። ደስ አለኝ። ለማን ልንገር? ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሰምቻለሁ።

ሰኔ 11

ዓርብ። ሱረያ በኢሞ ደወለች። ባለቤቴ ዱባይ ሰው ቤት ከገባች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ዕረፍቷ ዓርብ ነው። ኮንትራቷ ጥቅምት ላይ ያልቃል።

«ምን ልላክልህ?»

ራስሽን አላልኩም። ፔዳል አልኩ።

«ምን?»

«የሳይክል ፔዳል። ስስ፣ ጠፍጣፋ።»

«ያ ረቢ! የሰው ባል ሽቶ ይላል፣ ሰዓት ይላል…»

ሰኔ 18

ከሱቅ ውስጥ ደወለች። በካሜራ ሁለት ዓይነት አሳየችኝ። አንዱ እንደ ብስኩት ስስ። ሌላው ወፈር ይላል። ሻጩን በዐረብኛ ትጠይቃለች፣ ለእኔ ትተረጉማለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ረጅም ጊዜ አውርተን እናውቃለን?

«ስሱ ኩሽኔታው ትንንሽ ነው፣ ቶሎ ይበላል ይላል። ያኛው ዕድሜ አለው። ዕድሜ ያለውን ውሰድ ኡበይድ።»

ጉልበቴ ትዝ አለኝ። «ስሱ ይሁን። እስክትመጪ ከቆየ ይበቃኛል።»

ኔትወርኩ ተቆረጠ መሰለኝ።

ሐምሌ 9

ከሱረያ ጋር ወደ ዱባይ አብራ የሄደችው ሙጂባ ለዕረፍት መጣች። ዕቃዬን አመጣችልኝ። ፕላስቲኩን ፈታሁ። አንድ ፔዳል። ቀኝ።

«ሌላውስ?»

«ወላሂ እኔ የተሰጠኝ ይኼው ነው ጋሽ ኡበይድ! ይፈትሹኝ ከፈለጉ!»

ሱረያ ስትደውል ሳቀች። «ጫማህን ረሳኸው?»

እንዴት ይረሳል… ያኔ የላከችልኝን ጫማ አድራሹ ራሱ ተጫምቶት ሠርጉን ደገሰ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ጫማዬ ሲጨፍር አየሁ። ጥሩ ጫማ ነበር። እዚህ ብዙ ሰው እንዲህ ተታልሏል፤ ለዚህ ነው ቀኙን በአንድ ሰው፣ ግራውን በሌላ ሰው የሚልኩት። ለብቻው ማንም አይጫማውማ።

«ግራውንስ በማን ልትልኪው ነው?»

«በማንም። ግራውን እኔ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ጥቅምት ላይ፣ ኢንሻአላህ።»

ይኼን ለማንም አልነገርኩም። ለሀሚዱ ብቻ። ቀኙን ገጠመልኝ፤ ግራው አሮጌው ወፍራም ሆኖ ቀረ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየኝና፣ «አሁን አንድ እግርህ ዱባይ ነው፣ አንዱ ሐይቅ» አለ።

ስነዳው ያነክሳል። ወደ ቀኝ ስጋደል ድንጋይ አይነካኝም። ወደ ግራ ግን… ለጥቅምት ስንት ቀረው?

ነሐሴ 12

ከወልድያ በኩል ጦርነት የሸሸ ሰው ይመጣል። በእግር፣ በጋሪ፣ ፍራሽ በጫነ መኪና። ትምህርት ቤቶቹ ውስጥ አረፉ። ሪፖርት፦ ክፍሎቹ ሞልተዋል። ተማሪ አይደሉም።

ጥቅምት 5 ቀን 2014

«ትኬት ልቁረጥ?» አለች።

«አትምጪ» አልኳት። ትክክለኛ መልስ ነው። እንደዚህ የጠላሁት ትክክለኛ መልስ የለም።

ጥቅምት 18

የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከውጫሌ በኩል። ሁለቱንም ፔዳል ፈታሁ። ፔዳል የሌለው ሳይክል ማን ይወስዳል? አሮጌውን ጭድ ውስጥ ወረወርኩት። ቀኙን ኪሴ ከተትኩ። ሰው ሲሸሽ ወርቅ ይይዛል፣ የቤት ካርታ ይይዛል… እኔ ደግሞ አልሸሸሁም። የት ብላ ትፈልገኛለች?

ኅዳር 3

መብራት የለም። ስልክ የለም። ዓርብ መሆኑን ግን አወቅሁ።

ኅዳር 30

ከተማውን ይዘው የነበሩት ሄዱ። የቤቴ በር ተሰብሯል፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ድስቶቹ የሉም። ሳይክሉን ገልብጠው አይተው ትተውታል።

ሀሚዱ በሕይወት አለ። ጎማ ማጣበቂያውን ሁሉ ወስደውበታል። «ምን ሊለጥፉበት ነው?» ይላል፣ ደጋግሞ። ተቃቅፈን ቆምን። ከዚያ ሁለታችንም አፈርን።

ታኅሣሥ 22

ስልክ ተከፈተ። ሱረያ ደወለች። ሞቷል ብለውኝ ነበር አለች። ማን እንዳላት አልጠየቅሁም።

«ኡበይድ… ኮንትራቱን አደስኩት። አንድ ዓመት። ማንን ልጠይቅ? ስልክህ ዝግ፣ ማዳሟ ፈርሚ ትላለች…»

«ደግ አደረግሽ።»

«አብሽር። ግራው እኔ ጋ ነው። ትራሴ ሥር።»

ቀኙን መልሼ ገጠምኩት። አሮጌውንም ከጭዱ ፈልጌ።

ጥቅምት 24 ቀን 2015

ሰላም ተፈረመ አሉ። ሬዲዮው ደጋገመው። የሱረያም ዓመት አለቀ። ሀሚዱ ከሩቅ ጮኸ፦ «መምህር! እንግዲህ ያኛው እግርህም ይመጣል!»

በሩን ቀለም ቀባሁት። አረንጓዴ ትወዳለች። ትወድ ነበር? ትወዳለች።

ኅዳር 16

ዓርብ። አምና ጦርነቱ ሳይደርስብን ተመልሳ የሄደችው ሙጂባ እንደገና ለዕረፍት መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ግቢ አልኳት፣ አልገባችም።

«በሩ አምሮበታል» አለች።

በሱረያ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ዘረጋችልኝ። ሳልፈታው በክብደቱ አወቅሁት።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ዓመት… ፈረመች።» መሬት መሬት ታያለች። «ዕድሜ ያለውን ቢወስድ ይሻለው ነበር በዪው ብላኛለች። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ጋሽ ኡበይድ። በዪው ያለችኝን ነው።»

እኔ ግን ገብቶኛል፤ ስሱ እስክትመጪ ከቆየ ይበቃኛል ያልኩት እኔ ነኝ።

ራሴ ገጠምኩት። መጀመሪያ እንደ ቀኙ አዞርኩት፣ እምቢ አለ። የግራ ፔዳል የሚጠብቀው በተገላቢጦሽ ነው። በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ እጄ ግን አላነበበም።

በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል የሐይቁን ዳር ዳር ነዳሁ። ወደ ቀኝ ተጋደልኩ፣ ወደ ግራ ተጋደልኩ። አንድም ድንጋይ አልነካኝም። ሳይክሉ አያነክስም። እንዲህ ያለ ጥሩ ፔዳል ረግጬ አላውቅም። ውሃው ዳር ቆሜ ያችን ትንሽ ማንከሱን ናፈቅሁ። ሰው ይኼን ይናፍቃል?

ስመለስ ደወለች።

«ገጠምከው?»

«ገጠምኩት።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው። በጣም ልክ ነው።»

«እና… ሌላ ምን ልላክልህ?»

«ራስሽን» አልኩ።

ኔትወርኩ አልተቆረጠም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር።