የአንቀልባው ማሰሪያ

ብሩኬ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው። ጎረቤታችን ሆሳዕና ለልጇ ያዘዘችውን አንቀልባ ልትወስድ ከመጣች ግን አልደረሰም በላት። እኔ ሌላ ጠፍር ልገዛ አየር ጤና ሄጃለሁ።

ንጹህ ጠፍር ነው ብለህ ያመጣኸውን ማሰሪያ ጫፉን በክብሪት ለኮስኩት። ቆዳ ቢሆን እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር። ይሄ ቀልጦ ተንጠባጠበ። ቡናማ ቀለም የተነከረ ናይለን ነው፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል።

የሰው ልጅ ነው እኮ የሚታዘልበት።

ሻጩ ሸውዶህ ይሆናል ብዬ ላምን ነበር።

አልጋህ ስር መበርበሬ ልክ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለእህትህ ልጅ የሰራኸውን አንቀልባ አገኘሁት። የሱንም ማሰሪያ ጫፉን ለኮስኩት።

ፀጉር ፀጉር ሸተተ።

ኤልናታን