የገቢናው በር ጎማ

ሐምሌ 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድህ ባለቤቴ፣

እንደምን አለህልኝ? የወንዝ ዳሩ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? እኔ ደህና ነኝ። ክረምቱ ገብቷል። የስፌቱ ሥራም እንደ ክረምቱ ነው፤ ሲመጣ በአንዴ ይዘንባል፣ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ልብስ መልበስ የተወ ይመስላል። ይሄን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን በደወልኩ ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ደግነቱ አይዘጋም፤ ኪስህ ውስጥ ሆኖ እስኪመችህ ይጠብቅሃል።

እህትህ እትዬ ባለፈው ሰሞን መጥታ ነበር። ታውቃታለህ፣ ዋናውን ነገር የምትናገረው ጫማዋን ስታደርግ ነው። በር ላይ ጎንበስ እንዳለች «መኪናዋን ትሽጣት ብሏል» አለችኝ።

«መቼ አለሽ?»

«እንዲያው ስናወራ።»

«ራሱስ መቼ ይመጣል?»

«እሱን እንግዲህ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» አለችና ማሰሪያዋን አጥብቃ ወጣች።

ለአንድ በጋ ብለህ የሄድክለት ድልድይ ካለቀ ቆይቷል። አብረውህ የሄዱት ሁሉ ተመልሰዋል፤ በያጁ ጎረቤታችን እንዲያውም መጥቶ፣ ሚስቱም አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አንተ ግን መኪናዋን ሽጪ ብለህ በሰው ላክህብኝ። እኔም ለእትዬ እሺ አልኳት። እምቢ የምለው ሰው ፊቴ ስላልነበረ ነው እንጂ እሺታስ ከልቤ አልነበረም። ልጅ ባይሰጠን ያቺን አሮጊት መኪና ነው አብረን ያሳደግነው፤ መቼም አንተም አትረሳውም።

ገዢ ቶሎ ተገኘ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ንግግራቸው ለዛ ያለው። አሮጊቷን ዞር ዞር ብለው አዩዋት፣ ሞተሯን አስነስተው አዳመጧት፣ ወደዷት። ከዚያ በገቢናው በር ገብተው ቁጭ አሉና ወዲያው ብድግ አሉ። ሱሪያቸው ርሷል። ምንጣፉን ገለጥ ሲያደርጉት ሻጋታው አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል።

«ይሄ ውሃ እንግዲህ የዛሬ አይደለም። አላዩትም ነበር?» አሉኝ።

የት አይቼው? አንተ ስትነዳ ያ ወንበር የኔ ነበር። አሁን የምነዳው እኔ ነኝ፤ እዚያ ማን ተቀምጦ ያውቃል? የበሩ ጎማ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከላይ በኩል እንደ አሮጌ ቀበቶ ተልጧል። መምህሩ «ጎማውን ይቀይሩልኝና እወስዳታለሁ» ብለው ሄዱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ጎማው እስኪቀየር ድረስ መሸጥ የለም ማለት ነዋ።

መካኒክ ጋ ብወስዳት ከሰዓት በፊት ይጨርሳታል። ስለዚህ ራሴ እቀይረዋለሁ አልኩ። ከአሮጌው ጎማ ስንዝር የምታህል በመቀስ ቆረጥኩና፣ የጨርቅ ናሙና እንደምይዘው በወረቀት ጠቅልዬ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁን «ዝምተኛው» ይሉታል፤ ለምን እንዳሉት የገባኝ ማውራት ሲጀምር ነው። ሦስት ዓይነት ዘረጋልኝ። አንዱ ጀርባው የሚለጠፍ ስፖንጅ ነው፤ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ግን ራሱ ዝምተኛው እንዳለው «ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ በጋ ላይ ይወድቃል»። ሌላው እንደኛዋ ካለች መኪና የተፈታ ነው። ልኩ ልክ ነው፤ ሲጫኑት ግን እንደተጨፈለቀ ይቀራል፣ ጉልበቱን ሌላ በር ላይ ጨርሶ የመጣ ነው። ሦስተኛው አዲስ ነው። በአንድ ጎኑ የላሜራውን ጠርዝ ነክሶ የሚይዝ ብረት አለው፣ በሌላ ጎኑ ውስጡ ባዶ የሆነ ለስላሳ ቱቦ። በሩ ሲዘጋ የሚጨመቀው ቱቦው ነው። ናሙናዬን አጠገቡ አስቀምጬ ውፍረቱን በጣቴ ለካሁ፤ ጨመቅ አድርጌ ስለቀው ወዲያው ተነፋ።

«ይሄን» አልኩት።

«ለመሸጥ ከሆነ እኮ ስፖንጁ ይበቃዎታል» አለኝ።

«ለመሸጥ አይደለም» አልኩት። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

ቤት ገብቼ አሮጌውን ላጥኩት፣ ማስቲሹን በቤንዚን ጠረግሁ፣ አዲሱን መግጠም ጀመርኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው? ዕድሜውን ሁሉ የቀሚስ ወገብ ላይ ላስቲክ ሲሰፋ የኖረ እጅ፣ ጎማውንም እየለጠጠ ነው የሚይዘው። ውጥር ብሎ፣ አንዲት መጨማደድ ሳይኖረው በሩን ዞረ። የተረፈውን ቆርጬ ጣልኩና ራሴን አደነቅሁ። በማግስቱ በሩን ስከፍተው ጎማው ተሰብስቦ፣ ጫፍና ጫፉ ተለያይቶ፣ መሃሉ እጅ ያስገባል። በየማዕዘኑም ተነስቷል። ያ ሁሉ ድካም ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ቀረ።

ለዝምተኛው ስነግረው ከሆዱ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ይሄ የቀሚስ ወገብ አይደለም። ሳይጎትቱ፣ እንዲያውም በየማዕዘኑ ተረፍ እያደረጉ ነው የሚገጥሙት። በግድ የጎተቱት ነገር ዘወር ሲሉ ወደነበረበት ይመለሳል» አለኝ።

ስለ ጎማ ብቻ እንደሚያወራ አውቃለሁ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ፣ ማለቴ የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንኑ ሳስብ ዋልኩ። ማታ በሰዓቱ ግባ ስልህ፣ የት ነበርክ ስልህ፣ እዚህ የሚገኘው ሥራ ይበቃናል ስልህ ምናልባት ጎትቼህ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ንገረኝ። እኔ ፍቅር መስሎኝ ነው።

ሌላ ጎማ ገዛሁና ሁለተኛውን ሳልጎትት ገጠምኩት። ዝምተኛው እንደነገረኝ መጨረሻ ላይ በውሃ ይፈተሻል፤ አንዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ ውሃ ያፈሳል፣ የውስጡ ሰው «እዚህ ጋ ገባ» ይላል። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። በያጁን መጥራት እችል ነበር፤ ግን ባልዲውን ሳያነሳ ስላንተ ነው የሚጠይቀኝ፣ መልስ ደግሞ የለኝም። እናም ነጭ አቡጀዲ ከውስጥ በበሩ ግርጌ አነጠፍኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ባልዲውን አፈሰስኩበት። ስከፍት ጨርቁ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሹፌሩን ወንበር ያንተ እግር ወደሚበቃው ወደ ኋላ ገፋሁት። ዞሬ በገቢናው በር ገባሁና ዘጋሁት። የመንገዱ ሁካታ፣ የበያጁ ማሽን፣ የልጆቹ ጨዋታ፣ ሁሉም ዝም አለ። ድሮ ንፋሱ በዚያ በር እያፏጨ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ነበር የምታወራኝ። አሁን ብታንሾካሹክ እንኳ እሰማህ ነበር። ሆድ ባሰኝና እንደ ልጅ፣ አፍንጫዬን በአቡጀዲው እየጠረግሁ አለቀስኩ። ሰው ናፈቀኝ ብል ውሸት ነው፤ ሰው ሞልቷል። አንተ ነህ የናፈቅከኝ።

ትናንት መምህሩ መጡ። ገብተው ተቀመጡ፣ በሩን ከፈት ዘጋ አደረጉት፣ ደስ አላቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ጨረስን?»

«ባለቤቷ ይጻፍልኝና» አልኳቸው።

«ባለቤቷ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የባለቤቷ ሚስት ነኝ።»

ትንሽ አዩኝና እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

አሁን እንግዲህ ሰበቤ ሁሉ አልቋል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ተረት አለ አይደል? ያንተ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ አንተ ዝም ባልክ ቁጥር ሌላው ይነግረኛል። የሚመለስ ሰው መኪናውን በእህቱ እንደማያሸጥ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። የምጠይቅህ ስለ መኪናዋም አይደለም። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? አንድ ቃል ትበቃኛለች፣ በራስህ እጅ የተጻፈች። አልመጣም ካልክ አለቅሳለሁ፤ እሱን አልደብቅህም። ግን በር ላይ ጫማዋን እያሰረች እትዬ እንድታስለቅሰኝ አልፈልግም። የምታስለቅሰኝ ከሆነ አንተው አስለቅሰኝ።

ጤናህን ይስጥልኝ። የምታነሳው ሁሉ ይቅለልህ፣ የምትረግጠው ይጽናልህ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ሁሉ ደግ ይሁንልህ፤ ማንም ይሁን።

ሚስትህ